የበልግ ዝናብና ጎርፍ፦ ሐዋሳ ዙሪያ ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ፣ ከዝናቡ በፊት፣ ሲመጣና ከሄደ በኋላ ምን ይደረግ

ይሄን ምጽፈው ሐዋሳ ዙሪያ ገጠር ቀበሌ ለምትኖሩና በተለይ ደሞ እናንተ ከተማ ስራ ላይ ሆናችሁ እናት አባት እዛው ላሉባችሁ ነው። እኔም እንደዛው ነኝ። የኛ ቤት ወደ ጥቁር ውሃ ባለው ሜዳ ላይ ነው፣ ከጀርባው ዳገት አለ፣ እና በልግ በገባ ቁጥር ማታ ማታ ስልኬን ትራስጌ አድርጌ ነው ምተኛው። ሰሜን ያለ ሰው ጎርፍ ሲባል ክረምትን ነው ሚያስበው፣ እኛ ጋ ግን በልጉ ከየካቲት ማለቂያ ጀምሮ ይመጣና ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይብሳል። ክፋቱ ደሞ ከበጋው ድርቀት በኋላ መምጣቱ ነው፣ ማሳው ታርሶ ባዶውን ነው፣ ሳሩ በከብት ተግጦ አልቋል፣ አፈሩ ከላይ ጠጥሯል፣ ስለዚ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ መሬት ከመግባት ይልቅ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል።

የሐዋሳ አቀማመጥም ራሱን ችሎ መታወቅ አለበት። ሐይቁ በወንዝ ሚወጣበት መንገድ የለውም። ከምስራቅ ከወንዶ ገነት በኩል ያሉ ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዛ በጥቁር ውሃ አድርገው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ፣ በቃ እዛው ነው ሚቀረው፣ በፀሀይ እስኪተን ድረስ። ስለዚ እኛ ጋ ሁለት አይነት ጎርፍ ነው ያለው። አንዱ ከዳገት ሚመጣው ደራሽ ነው፣ በደቂቃ መጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሚሄድ። ሌላው ሐይቁና ረግረጉ ዳር ቀስ እያለ ከፍ ሚለውና ለሳምንታት አልፎም ለወራት ማይሸሸው ነው። የመጀመሪያው ሰውና ከብት ይወስዳል፣ ሁለተኛው ማሳ፣ ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ያበላሻል። ቤታችሁ የትኛው እንደሚያሰጋው ሳታውቁ ዝግጅት ብትጀምሩ ድካማችሁ ያለ ቦታው ይሄዳል።

መጀመሪያ የውሃውን መንገድ እዩ

ይሄ ብር አያስወጣም። የበልጉ የመጀመሪያ መለስተኛ ዝናብ ሲጥል (መብረቅ ከሌለ) ቡትስ ጫማ አርጋችሁ ከቤት ውጡና ከቤቱ በላይ ያለውን ዳገት ውጡት። ውሃው የት ጋ ይሰበሰባል፣ በማን ማሳ ያልፋል፣ መንገዱን የት ያቋርጣል፣ እናንተ ግቢ ጋ ሲደርስ በየት በኩል ይገባል። እያያችሁ ችካል ትከሉ፣ ምክንያቱም ፀሀይ ሲወጣ ሁሉም ነገር ደረቅ ሆኖ ይመሳሰላል። ከዛ ሰፈሩ ውስጥ እድሜ ያላቸውን ሰዎች ጠይቁ። ድሮ ውሃው በየት ነበር ሚወርደው ብላችሁ። እኛ ያን ጥያቄ የጠየቅነው ውሃ ቤት ከገባብን በኋላ ነው። አንድ ትልቅ አባት ወጥ ቤታችንን እያዩ "ይሄኮ የጅረት መንገድ ነበር፣ ልጅ ሆነን ከብት እናጠጣበት ነበር" አሉን። ቤቱ ሲሰራ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በጓሮ በር ገብቶ ወለል ላይ የነበረ 2 ኩንታል በቆሎ አርሶብን ሄደ፣ የወጥ ቤቱንም ግድግዳ ምርጊቱን ከስር በላው። ሰው ስላልተጎዳ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቦይ፣ ግን ጎረቤት ላይ ማይለቅ

ከሁሉም በላይ ረዘም አርጌ ልጽፍ ምፈልገው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። ውሃ ሲያስቸግረን ሁላችንም ሚመጣልን ከግቢያችን ማስወጣት ነው። አባቴም ያኔ ያረገው ይሄንኑ ነው፣ በሁለት ቀን ጥሩ ቦይ ቆፈረ፣ ውሃውም ከኛ ግቢ ወጣ፣ ወጥቶ ግን የታችኛው ጎረቤታችን የእንሰት ማሳ ውስጥ ገባ። ለተወሰነ ጊዜ ሰላምታ ሁሉ ቀረ። በስተመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ የተስማማነው ከላይኛው ቤት እስከ ታች ጅረቱ ድረስ አንድ ቦይ ሁሉም በደቦ እንዲቆፍር ነው፣ ከዛ በኋላ ነው የሁላችንም ቤት ያረፈው። ስለዚ ቦይ ከመቆፈራችሁ በፊት ከላያችሁና ከታቻችሁ ያሉትን ጎረቤቶች ሰብስቡ፣ የእድር ስብሰባ ካለ እዛ ላይ አንሱት፣ ጉዳዩ የአንድ ግቢ አይደለም።

አሰራሩ እንደዚ ነው። ቦዩ ከቤቱ በላይ በኩል ዳገቱን አቋርጦ ነው ሚሄደው፣ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ይሁን፣ ጎኑን ቀጥ አርጋችሁ ከቆረጣችሁት በሁለተኛው ዝናብ ይናዳል። የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል ወደ ቤቱ በሚያየው ጠርዝ ላይ ቆልሉና በደንብ ርገጡት፣ እሱ ራሱ እንደ ግድብ ይሆናል። ብዙ ሰው አፈሩን ወደ ላይ በኩል ይጥለዋል፣ ያ ተመልሶ ቦዩን ነው ሚደፍነው።

ተዳፋቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ዝቅ ቢል በቂ ነው። ከዛ በላይ ካዘቀዘቀ ውሃው ፈጥኖ ቦዩን ራሱን ይቆፍረውና በአንድ ሁለት አመት ውስጥ ገደል ይሰራላችኋል፣ ሲዳማ ውስጥ እንደዛ ተጀምረው ሰው ሚውጡ ቦረቦሮች የሆኑ ቦታዎች አሉ። በአይን አይለካም፣ ውስጡ ሚታይ ቀጭን የላስቲክ ጎማ ግዙ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ይቁም፣ በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ነው ሚቆመው፣ ከዛ ከመሬት እስከ ውሃው ድረስ ሁለቱንም በሜትር ለኩ፣ ልዩነቱ የመሬቱ ልዩነት ነው። አየር ፊኛ ጎማው ውስጥ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ። ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩት፣ መለኪያውን ያውቁታል።

የቦዩ መጨረሻ ደሞ ወይ ተፈጥሮ ውሃ መውረጃ ላይ ወይ በሳር በደንብ የተሸፈነ ቦታ ላይ ይሁን፣ ሚፈስበት ቦታ ላይ ድንጋይ ደርድሩ። ቆለሉት ባልኩት አፈር ላይ ደሾ ሳር ወይ የዝሆን ሳር ትከሉበት፣ ስሩ አፈሩን ይይዘዋል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። ለተከላ የበልጉ ዝናብ ራሱ ጥሩ ነው።

መንገድ ስር ያለ ቱቦ ካለ እሱንም እዩት። የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል አንድ ላይ ሲቀረቀሩ ትልቅ ቱቦ ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ፣ ውሃው መንገዱን ይዘላል ከዛ ቤት ውስጥ ነው ሚገባው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ልጆችን ይዞ ማጽዳት ነው።

ቤቱና ጎተራው

ጭቃ ቤት ሚፈርሰው ከስር ነው። ቆርቆሮው ላይ ሚወርደው ውሃ ግድግዳው ስር ካረፈ ጎርፍም ሳይመጣ ምርጊቱን ይበላዋል፣ ስለዚ አሸንዳ አስገቡለትና ወደ በርሜል አሳልፉት፣ ሚጠቅም ውሃም ይሆናል (የመጀመሪያውን ዝናብ ግን ጣሪያውን ያጥብና ይፍሰስ፣ የወፍ ኩስ ምናምን አለው)። አሸንዳ ለመግዛት ካልተቻለ ግድግዳው ዙሪያ አፈር ጨምራችሁ ጠቅጥቁና ከቤቱ ወደ ውጪ እንዲያዘቀዝቅ አርጉት።

ለበር የሚሆን ባዶ ማዳበሪያ አስቀምጡ። አሸዋ ወይ አፈር ሙሉበት ግን እስከ አፉ አይደለም፣ ከግማሽ ትንሽ አለፍ አርጉና አፉን እጠፉት። ከሞላ እንደ ድንጋይ ይሆንና በመሀሉ ውሃ ያሳልፋል፣ ጎደል ካለ ተጣጥፎ ይተኛል። እንደ ብሎኬት አሰራር የላይኛው የታችኞቹን መጋጠሚያ እንዲሸፍን አርጋችሁ ደርድሩ፣ ከስሩ ላስቲክ ብታነጥፉ ደሞ በጣም ይሻላል። አስር አስራ አምስት ከረጢት ለአንድ በር ይበቃል።

እህል ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ይሄን ከኛ ተማሩ። በአጠና ቆጥ ሰርታችሁ ቢያንስ ወገብ በሚደርስ ከፍታ ላይ አርጉት። የቆጮ ጉድጓድ ካላችሁ ቦታው ዝቅ ያለ ከሆነ ከበልጉ በፊት ወደ ከፍታ ቦታ አዛውሩት፣ አፉ ዙሪያም አፈር ቆልሉና ከላይ በደንብ ሸፍናችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ለአመታት ያደገ እንሰት ተፍቆ የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ የሽንት ቤት ውሃ የቀላቀለ ጎርፍ ከገባ ሙሉውን መድፋት ነው።

አንድ ቦርሳ አዘጋጁና በር አጠገብ ሰቅላችሁ አቆዩት። የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የጤና መድን ካርድ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ እነዚን በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ፎቶም አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት በላስቲክ፣ ፓወር ባንክ፣ ብርድ ልብስ፣ በሶ ወይ ቆሎ፣ ሕይወት አድን (ኦ አር ኤስ) ጥቂት እሽግ። ቤት ውስጥ በየቀኑ መድሀኒት ሚወስድ ሰው ካለ፣ የስኳር ይሁን የደም ግፊት ይሁን የኤች አይ ቪ፣ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ተጨማሪ እንዲሰጡት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

ነፍሰ ጡር ካለች ደሞ መውለጃዋ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ ያለው የእናቶች ማቆያ ገብታ ትጠብቅ። ምጥ የመጣ ሌሊት መንገዱ በጎርፍ ከተቆረጠ አምቡላንስ ማዶ ላይ ቆሞ ነው ሚቀረው። እናቶቻችን ቤቴን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ይላሉ፣ ስለዚ ከብቱንና ልጆቹን ማን እንደሚይዝላቸው ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ያኔ ነው እሺ ሚሉት።

ሌሊቱን ተነጋገሩበት

ሚከፋው ጎርፍ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሚመጣው ነው። ስለዚ ቀን ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ከመጣ ወዴት ነው ምንሄደው፣ በየትኛው መንገድ፣ አያትን ማን ይይዛል፣ ትንሿን ልጅ ማን ያዝላል። ሚኬድበት ቦታ ከፍ ያለና መሀሉ ላይ ጅረት ማያቋርጥ ይሁን፣ ትምህርት ቤት ወይ ቤተክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ልጆቹን አንዴ በእግራቸው ውሰዷቸው።

ምልክትም ያስፈልጋል። የእድር ጡሩምባ አለ ግን እሱ ሲነፋ ሰው ለቅሶ ነው ብሎ ነው ሚያስበው፣ ነጠላውን ፈልጎ እስኪወጣ ጊዜ ይሄዳል። እኛ ሰፈር የጎርፍ ምልክት ቆርቆሮ ያለማቋረጥ መደብደብ ነው ተብሎ ተወስኗል። ዳገት ላይ ያሉት ሰዎች ስልክ ቁጥር ደሞ ታች ያላችሁ ሁላችሁ ጋ ይኑር፣ ምክንያቱም እናንተ ጋ ምንም ሳይዘንብ ላይ ዘንቦ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ በሬዲዮ ይነገራል፣ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ከተባለ በዛ ሳምንት ተራ አውጥታችሁ አንድ ሰው ይንቃ።

ጅረቱ ራሱም ይናገራል። ውሃው በድንገት ቀለሙ ወደ ቀይ ከተለወጠ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ከላይ እንደ መኪና ጉምጉምታ ከተሰማችሁ፣ ልብስ ምናምን ለመሰብሰብ አትሞክሩ፣ ጥላችሁ ወደ ጎን ወደ ከፍታ ውጡ፣ በጅረቱ አቅጣጫ ቁልቁል አትሩጡ።

ሲመጣ

ከብት ታስሮ አይደር። ዝናቡ ከከበደ ገመዱን ፍቱት፣ ካልተቻለ ቁረጡት፣ የተፈታ ከብት ራሱ ከፍታ ይፈልጋል፣ የታሰረ ግን ችካሉ ላይ ሰምጦ ይሞታል። ዶሮዎቹን ቆጥ ላይ።

መብራት ካለ ውሃው ቤት ከመድረሱ በፊት ቆጣሪው ጋ ያለውን አጥፉት። እግራችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ትታችሁ ውጡ። የወደቀ የመብራት ገመድ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ልጆችን አስጠንቅቁ፣ 905 ላይ ደውላችሁ አስመዝግቡ።

አሁን ዋናው። ሚሮጥ ውሃ አታቋርጡ። ቁርጭምጭሚት አለፍ ያለ፣ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ሚሆን ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። ጉልበት ሳይደርስ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅማ ከዛም በታች ነው። የባጃጅ ሹፌሮች "እለፍ ግዴለም፣ ትናንትም አልፌዋለሁ" ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ትናንት የነበረው መንገድ ግን ከስሩ ተቆርሶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃው ደፍርሶ ስላለ አይታይም። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ውረዱ። ደራሽ ጎርፍ በአብዛኛው ሁለት ሶስት ሰዓት ቢጠብቁት ይጎድላል፣ ገበያው ቢያመልጥ ይመለሳል።

ለተማሪ ልጆች ቁርጥ ያለ ስምምነት አርጉ፣ ዝናብ ከጣለ ጅረት ተሻግረው ወደ ቤት አይመጡም፣ ጅረቱን ሳይሻገሩ ትምህርት ቤቱ ባለበት በኩል ያለ ዘመድ ወይ ወዳጅ ቤት ያድራሉ። ልጅ እናቴ ትቆጣኛለች ብሎ ነው ውሃ ውስጥ ሚገባው። ስለዚ ብትቀር አልቆጣህም ብላችሁ በአፋችሁ ንገሩት፣ ለዛኛውም ቤት ቀድማችሁ አሳውቁ።

መብረቅ ሲኖር ረጅም ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ እረኞችን በተለይ ንገሯቸው፣ ብቻውን የቆመ ባህር ዛፍና ዋርካ አደገኛ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምጹ 30 ሳትቆጥሩ ከተሰማ ቅርብ ነው፣ ቤት ግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ሐይቁና ጥቁር ውሃ ዳር ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ጉማሬ። ውሃው ወደ ማሳ ሲሰፋ እሱም አብሮ ይሰፋል፣ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ትናንት በእግር ሚኬድበት የነበረ መንገድ ዛሬ የሱ ነው። ከመሸ በኋላ በውሃ ዳር አትሂዱ፣ በሱና በውሃው መሀል ደሞ በፍጹም አትቁሙ።

ዳገት ስር ወይ ዳገት ላይ ላላችሁ

ወደ ሲዳማ ደጋው ከወጣን ከጎርፍ በላይ ሚያስፈራው የመሬት መንሸራተት ነው። ለቀናት ሳያቋርጥ ዘንቦ መሬቱ ከጠገበ በኋላ ይመጣል። ምልክቶቹ፦ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይ አጥር ማዘንበል፣ በር ያለምክንያት አልዘጋ ማለት፣ ምንጭ በድንገት መደፍረስ ወይ መድረቅ ወይ ባልነበረበት ቦታ መፍለቅ። ከነዚ አንዱን ካያችሁ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ እስኪጠነክር ዘመድ ቤት እደሩ።

እና ይሄን ሁላችንም እናስታውስ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የሆነውን። መጀመሪያ የተናደው ቤቶችን ቀበረ፣ ሰዉ ወገኑን ለማውጣት ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ እነሱንም ቀበራቸው፣ ከ200 ሰው በላይ ነው የሞተው። እኛ ሰው ሲቀበር ቆመን ማየት አንችልም፣ ደማችን ነው። ግን ከመቆፈራችሁ በፊት ከናዳው ጎን በኩል ከፍታ ላይ ዳገቱን ሚያይ ሰው አቁሙ፣ ስንጥቅ ወይ ሚንከባለል ድንጋይ ካየ ይጩህ፣ ጩኸቱ ሲሰማ ሁሉም ወደ ጎን ይሩጥ። ሚቆፍሩት ጥቂት ጥቂት ሆነው በተራ ይግቡ፣ ልጆችና ሌላው ሰው ከዛ ይራቅ። ለአምቡላንስ 907 የቀይ መስቀል ነው።

ውሃው ከሄደ በኋላ

ቶሎ ብሎ ቤት ውስጥ መግባት አይደለም። መጀመሪያ ዙሩት። ቋሚዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል ወይ፣ ግድግዳው ከስር ተበልቶ የላይኛው ብቻ ተንጠልጥሏል ወይ፣ ከሆነ በአጠና ደግፉትና ነው ሚገባው። የረጠበ ጭቃ ግድግዳ ሚወድቀው ብዙ ጊዜ ውሃው በሄደ በማግስቱ ፀሀይ ሲመታው ነው። እባብም ደረቅ ቦታ ፈልጎ ይገባል፣ እቃ ከማንሳታችሁ በፊት በረጅም እንጨት ነካ ነካ አርጉ። ጭቃውን ከመጥረጋችሁ በፊት ደሞ ፎቶ አንሱ፣ ቤቱን፣ እህሉን፣ ማሳውን፣ የውሃው ምልክት ግድግዳው ላይ የት እንደደረሰ፣ ቀበሌ ጉዳት ሲመዘግብ ይጠቅማችኋል።

ውሃ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሰው ሚጎዳው በዚ ነው፣ ሽንት ቤቱና ጉድጓዱ ተቀላቅሏል፣ ንጹህ ቢመስልም አትመኑት። አጥልሉት በነጠላ ወይ በሻሽ አራት እጥፍ አርጋችሁ፣ ከዛ አፍሉት፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሐዋሳ ዙሪያ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ደጋ ላይ ከ2000 ሜትር በላይ ያላችሁ ግን 3 ደቂቃ፣ እዛ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ከጤና ኤክስቴንሽኗ ወይ ከሱቅ ውሰዱና ላዩ ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ። እሱም ከጠፋ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ተራ በረኪና፣ 5 በመቶ ገደማ ሚለው፣ ለ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለደፈረሰ 4 ጠብታ፣ አማስሉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጀሪካን ክዳን ምናምን በግምት አትጨምሩ። ያከማችሁትን ጀሪካን አፉን ዘግታችሁ አስቀምጡ፣ በኩባያ እየጠለቃችሁ አትቅዱ።

ተቅማጥና ትውከት የጀመረው ሰው ካለ፣ በተለይ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ ያለማቋረጥ ሚወርድ ከሆነ፣ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል ነገ እናየዋለን ሚባል ነገር የለም፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሕይወት አድኑን በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ መንገድ ላይም እየሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እሽጉ ከሌለ በ1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሆነ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አታብዙ፣ ህጻን ይጎዳል። ሚያጠባ ህጻን ጡት አይቁም። ሽንት ቤቱ ከተደረመሰ አዲሱ ከውሃ ጉድጓድ ወይ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱ በታች በኩል ይሁን፣ አፉንም በድንጋይና በአፈር ከፍ አርጉት።

ወባ ወዲያው አይታይም። ያቆረው ውሃ ውስጥ ትንኟ ለማደግ አስር ቀን ምናምን ይበቃታል፣ ከዛ በሽታው ወደ ሰው እስኪዛመት ደሞ ተጨማሪ ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚ ብዙ ጊዜ ጎርፉ ካለፈ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው ትኩሳቱ ሚበዛው፣ ያኔ ደሞ ሰው ጎርፉን ረስቶታል። አጎበሩ እህል ማድረቂያ ወይ የችግኝ አጥር ሆኖ ከሆነ አምጡና ስቀሉት። የተሰበረ ገንቦ፣ የድሮ ጎማ፣ ቦይ ውስጥ የቆመ ውሃ ድፉ። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሄዶ መመርመር፣ የባለፈውን ኪኒን ተካፍሎ መዋጥ አይሆንም።

የሞተ ከብት አይታረድም፣ አይበላም፣ ቆዳውም አይገፈፍ። ይሄን ስል ሰው እንደሚከፋው አውቃለሁ፣ በሬ ትልቅ ንብረት ነው። ግን የአባ ሰንጋ ተህዋሲ አፈር ውስጥ ለብዙ አመታት ይቆያል፣ ጎርፍ አፈሩን ሲቆፍረው ይወጣል፣ ከሳሩ ጋር ከብቱ ይበላዋል፣ ከዛ ወደ ሰው። በድንገት ሞቶ ከአፍ ከአፍንጫው ማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣው አትክፈቱት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ውሻም እንዳይነካው። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ከዝናቡ በፊት ወረዳው ሲሰጥ ከብቱን አውጡ።

እህሉ በጎርፍ ውሃ ከራሰ አይበላም። በዝናብ ብቻ ከረጠበ ግን በዛው ቀን ሸራ ላይ አስጡት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶ ያህል በቆሎ ጨምሩበት፣ ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩና ለጥቂት ደቂቃ ናጡት፣ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው፣ ካልተለጠፈ ጎተራ ይገባል። የሻገተውን ለዶሮም ለላምም አትስጡ፣ መርዙ በወተት ይመጣል፣ በመቀቀልም አይጠፋም።

ማሳው ላይ ወዲያው አትግቡ፣ እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠጥራል። በቆሎው ገና ትንሽ ከሆነ፣ ስድስት ቅጠል ገደማ ሳይሞላ፣ እድገቱ ገና ከአፈር በታች ነው ያለው፣ ስለዚ ውሃው በሁለት ቀን ውስጥ ከሄደ ሊተርፍ ይችላል። ጥቂቱን ነቅላችሁ ግንዱን በቢላ ለሁለት ሰንጥቁት፣ መሀሉ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ህይወት አለው፣ ቡናማ ሆኖ ከላሸቀ ሞቷል። ከሞተ ቦለቄ ቶሎ ስለሚደርስ ለመተካት ጥሩ ነው፣ ስኳር ድንችም ቁርጡ ከጎረቤት ይገኛል። ዩሪያ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል እየተባለ አትበትኑ፣ ገንዘባችሁን ነው ጅረት ሚወስደው። እንሰቱ ስር ውሃ ከቆመ በትንሽ ቦይ አስወጡለት፣ ከዛ ቅጠሉ መጠውለግ ከጀመረ አጠውልግ በሽታው ሊሆን ስለሚችል እሱን የቆረጣችሁበትን ቢላ በእሳት ሳታግሉ ሌላ እንሰት አትንኩበት፣ በቢላ ነው ከማሳ ማሳ ሚዞረው።

ቦዩን ደሞ ተመልሳችሁ እዩት። አንድ ከባድ ዝናብ ግማሹን በደለል ሊሞላው ይችላል፣ የተሞላ ቦይ ደሞ ካለመኖሩ አይሻልም፣ ውሃውን ሰብስቦ ነው ቤት ላይ ሚያመጣው። በያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ ማግስት አካፋ ይዞ አንድ ዙር፣ ሚወጣው ደለል ለም አፈር ስለሆነ ለጓሮ አትክልት ውሰዱት። የኛ ሰፈር ሙሉውን ሚጠርገው ጥር መጨረሻ ላይ ነው፣ ከላይኛው ቤት ተጀምሮ እስከ ጅረቱ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ ሰው ማያወጣ ቤት ቡና ያፈላል።